እሳታቸው ሳይጠፋ እሳት የሚጭሩት እመት ዘሐራ

ሰሞኑን ከአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የእኅቴን ስም ፈልጌ አጣሁ። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩ። መነጽሬን ወልውዬ በአራተኛው አነበብኩ። የለም። ዝርዝሩ ቤታቸው ድረስ ሰው እየሄደ ውሃ የሚቀዳላቸው፣ ገላቸውን የሚያጥባቸው፣ ቁስል ካላቸው የሚጠርግላቸው አረጋውያን ስም ነው። እኅቴ ደብሪቱ ሰማንያን ያለፈች፣ ከመካነ ሰላም በከላላ አቅጣጫ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች፣ ተድራ በሄደችባት መንደር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እሷ ያልገባችበት ዝርዝር ማን ሊገባበት ነው? ከወረቀቱ ግርጌ ጠይቆ የመዘገበው ባለሙያ ፊርማ አለ። ፊርማውን አወቅሁት። እስክርቢቶ አያያዝ ያስተማርኳት የገዛ ልጄ የሰብለ ፊርማ ነው።

በቁጣ እየተብከነከንኩ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ፍሟን በተሰበረ የእንስራ ገል ላይ አድርጋ ታራግባለች። የጋለ ገል ሽታ የራሱ ነው፤ ከከሰልም ከእንጨትም አይገጥምም። ትንሽ ትንሽ ዝናብ የነካው አፈር፣ ትንሽ ትንሽ የተቃጠለ አመድ ይሸታል። እዚያው ቆምኩ። ሴትዮዋ ገበያ የመጣላት መስሏት፣ «አባቴ፣ ለስላሳውን ልስጥዎት? ለጥርስዎ የሚሆን» አለችኝ። ለጥርሴ ማን ጠየቃት! ግን አልተቆጣኋትም፤ ሐሳቤ ሄዶ ነበር።

ያ ጥግ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫና የባጃጅ መቆሚያ ነው። በእኔ ወጣትነት የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበር። ሦስት የስፌት መኪና ተደርድሮ ሲንኳኳ ይውላል። ከሰፊዎቹ አንዱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው፤ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተዘፈነ ነገር ሲመጣ ሦስቱም መኪና ይቆማል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሦስቱም ባንድ ላይ መርገጥ ይጀምራሉ። ልብስ ለማሰፋት ከቆላ የወጣ ባላገር አቡጀዲውን ታቅፎ ይጠብቃል እንጂ «የእኔስ?» አይልም። ካኪ ቁምጣ የለበሰ ጎረምሳ ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገውማ ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተረማመደ ሲሄድ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ በበረባሶ ነበርኩ። የሰፊዎቹ ቤት ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ትምህርት ቤት የሚልከኝ አልነበረም። ሰፊውን «ይቺ ማናት?» እያልኩ አንድ አንዷን ፊደል እጠይቃለሁ፤ ማታ ቤት ገብቼ እጽፋታለሁ። ቀለሙን የምትበጠብጥልኝ ደብሪቱ ናት። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ትፍቅና በውሃ አሽታ ታዘጋጅልኛለች፤ ጣቶቿ እስከ ሁለተኛው አንጓ ጠቁረው ይሰነብታሉ። ጓደኞቿ «ደብሪቱ ድስት አገባች» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷ ግን አንድ ፊደል አልተማረችም። ይህን የምጽፈው በእሷ ጣት ነው ብል አልዋሸሁም።

ክብሪት ያን ጊዜ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አምስት ሳንቲም ግን ዛሬ እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። አንድ ክብሪት የተገዛ እንደሆነ ለክፉ ቀን ግድግዳ ውስጥ ይሸጎጣል፤ የዕለቱ እሳት ከጎረቤት ይጫራል። ሴቶች ገል ይዘው፣ ገሉ ላይ አመድ ነስንሰው፣ «ቤቶች! እሳት አላችሁ?» እያሉ ከቤት ቤት ይሄዳሉ። ለከተማው ቅርብ በነበረችው በእኛ መንደር ከሁሉም አብልጠው የሚጭሩት እመት ዘሐራ ነበሩ። ባላቸው ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ የማይሰሙ ሴት። ጠዋት ጠዋት ገሉን ይዘው ይወጣሉ። እኛ ቤት አይመጡም፤ የሚሄዱት ሽማግሌና አሮጊት ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ እንዴት የእሳቸው እሳት በየቀኑ ይጠፋል ብዬ እገረም ነበር። አንድ ቀን መልእክት ይዤ ቤታቸው ስገባ ምድጃቸው ላይ እሳት ይንቦገቦጋል።

«እመት ዘሐራ፣ ይኸው እሳት አለዎት አይደል? አሁን እሳት ልጭር ብለው ወጡ እኮ!»

«የኔ እሳት ብቻዋን መሆን አትወድም፤ ጓደኛ ላመጣላት ሄጄ ነው» አሉኝ። «ደግሞ ይህን ለሰው ብታወራ ይህቺን ገል ነው የማሳቅፍህ።»

ቆይቶ ነው የገባኝ። እመት ዘሐራ «እንዴት አደራችሁ፣ ምን ቸገራችሁ» ብለው አይጠይቁም። እሳት ለምነው ይገባሉ። ለማኟ እሳቸው ናቸው፤ ባለቤቲቱ ሰጪ ናት፤ ሰጪ ደግሞ አያፍርም። ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብለው ጉልቻውን በእጃቸው ይነኩታል፤ ከቀዘቀዘ ከትናንት ጀምሮ አልተቀቀለም ማለት ነው። መደቡ ላይ ያለውን ቁርበት በዓይናቸው ያያሉ፤ እርጥብ ነው፣ ደረቅ ነው። ሲወጡ እንስራውን በእግራቸው ጫፍ መታ ያደርጉታል፤ ሙሉ እንስራ ድምፁ አይወጣም፣ ባዶው ይጮኻል። እሳቱ ጠፍቶ ካገኙ፣ «ወይኔ፣ የእርስዎም ጠፍቷል? እንግዲያ ከወዲያ ማዶ አምጥቼ እንካፈል» ብለው ይሄዱና ፍም ከነእንጨቱ፣ ውሃ ከነቅሉ ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያም ለቅሬው ይነግራሉ። ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ሆኖ ለቀብርም ለችግርም የሚሰባሰብበት ማኅበራችን ነው። ለማን ውሃ ይቀዳ፣ ለማን እንጨት ይፈለጥ፣ የማን ልብስ ይታጠብ የሚባለው እመት ዘሐራ ባዩት ነበር። ወረቀት አልነበረም።

ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ክፉ ዓመት መጣ፤ ሰዉ ሁሉ ተጎዳና ጉልበት አነሰ። የቅሬው ዳኛ፣ «ከእንግዲህ በመንደሩ የሚረዳው በስም ይታወቅ፤ አስፋው ፊደል ያውቃል፣ እሱ ይጻፍ» አሉ። ደረቴ ተነፋ። በሰፊዎቹ ግድግዳ ላይ የተማርኩት ጽሕፈት ለቁም ነገር ሊውል ነው። ወረቀቴን በመስመር አሰመርኩ፤ ስም፣ ጥያቄ፣ መልስ። እመት ዘሐራ ሰምተው፣ «ልጄ፣ አትጠይቃቸው። ገል ይዘህ ግባ» አሉኝ። እኔም የሴት ሥራ ነው ብዬ ሳቅሁባቸው። አያ ይመር የሚባሉ ቀድሞ አንደኛ አራሽ የነበሩ ሽማግሌ ቤት ደረስኩ። በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል።

«አያ ይመር፣ ውሃ የሚቀዳልዎት ያስፈልግዎታል?»

«ምን ጎድሎኝ!»

«እንጨትስ?»

«ምን ጎድሎኝ ልጄ! አልሐምዱሊላህ።»

በጥሩ ጽሕፈት «አያስፈልጋቸውም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ እመት ዘሐራ በገሉ ላይ ቀዝቃዛ አመድ ይዘው መጥተው እግሬ ሥር ደፉት። «ይህ የይመር ምድጃ ነው። ሦስት ቀን አልነደደም። እንስራው ውስጥ ሸረሪት አድርቷል። ሰርዘው።» አልሰረዝኩም። ያልሰረዝኩት በጭካኔ አልነበረም፤ ከጭካኔም በሚያንስ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ አንድም ስርዝ አልነበረበትም፤ ንጹሕ ነበር፤ እንዳይበላሽብኝ ፈለግሁ። «የተናገሩት ይህን ነው፤ ያልተባለ አልጽፍም» አልኳቸው። እመት ዘሐራም አያ ይመርን እጃቸውን ይዘው ወደ ገዛ ቤታቸው ወሰዷቸው። ሰውየው እስኪሞቱ እዚያ ኖሩ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከግድግዳው ጥግ ይጠሩኛል፦ «ጸሐፊው! ዛሬም ምንም አልጎደለኝም! ጻፍልኝ!» ሰዉ ይስቃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ለልጆቼ ግን የነገርኳቸው ሌላ ነው፤ «አባታችሁ በወጣትነቱ የቅሬ ጸሐፊ ነበር፤ ያልተባለ ጽፎ አያውቅም» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው።

ልጄ ሰብለ ሰሌዳውን ባየሁ በማግስቱ መጣች። የጤና ባለሙያ ናት፤ ለዚህ ሥራ ሥልጠና ሰጥተው ታብሌት አስይዘው ላኳት። ገና ሳትቀመጥ ያዝኳት።

«አክስትሽን ጠይቀሻታል?»

«ጠይቄያታለሁ አባዬ።»

«ምን አለችሽ?»

ታብሌቷን ከፍታ አነበበችልኝ። «ብቻዎን ከመኝታ ይነሳሉ? አዎ። ብቻዎን ይታጠባሉ? አዎ። ደረጃ ይወጣሉ?»

«የምን ደረጃ?»

«መጠይቁ ላይ አለ። ‹ቢኖር ምን ያቅተኛል› አለችኝ። አዎ ብዬ ሞላሁ።»

ደረጃ! በዚያ መንደር ያለው ከፍታ ገደሉ ብቻ ነው። ቀጥላ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ብቻዎን ይሄዳሉ ወይ፣ ልብስዎ ይረጥባል ወይ የሚለውን አነበበች።

«ይህን ስትጠይቂያት አጠገባችሁ ማን ነበር?»

«መንገድ ያሳየኝ የቀበሌው ልጅ።»

«በእሱ ፊት? አንቺ የኔ ልጅ ነሽ? ሰማንያ ዓመት ሙሉ ነጠላዋን ሳታጣፋ ከቤት ያልወጣችን ሴት፣ የልጅ ልጇ በሚሆን ጎረምሳ ፊት፣ ልብስሽ ይረጥባል ወይ ብለሽ ጠየቅሻት? ደግሞ ልጇ አረብ አገር ናት። ውሃ የሚቀዳልኝ የለም ካለች ልጄ ጥላኝ ሄደች ማለቷ እንደሆነ አታውቂም? የትኛዋ እናት ናት በገዛ ልጇ ላይ ለመንግሥት መዝገብ ምስክር የምትሆነው?»

ሰብለ እንደ እኔ ናት፤ አንገቷን አትደፋም። «አባዬ፣ ለዘመዷ አዳላች እንዳልባል ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጠንቅቄ ነው የሞላሁት። የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። ያልተባለ አትጻፊ ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ?»

ቁጣዬ የሚሄድበት አጣ። እኔስ ብሆን? ጉልበቴ አላስኬድ ካለኝ ከክረምት ወዲህ እኅቴን በዓይኔ አላየኋትም። በስልክ «ደህና ነሽ?» እላለሁ፤ «ተመስገን» ትላለች፤ በልቤ ተመዝግቦ ያልፋል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የአያ ይመርን ነገር ለልጄ ነገርኳት፤ ገሉን፣ አመዱን፣ ሳልሰርዝ የቀረሁትን ወረቀት። ስጨርስ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከንም?» አለችኝ። ቅዳሜ አብረን ወደ ደብሪቱ እንድንሄድ ተስማማን።

የተወሰነውን በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ለእኔ በቅሎ ተለምኖልኝ ሰብለ በእግሯ ከጎኔ ሄደች። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ላይ፣ «አሁን እኮ ክብሪት በየቤቱ ነው። ምን ልለምን ብዬ ልግባ?» አለችኝ። «እሱን አንቺ ፈልጊው» አልኳት። ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ገና ከሩቅ፣ «አስፋው! በበቅሎ? ደጃዝማች ሆነህ መጣህ?» ብላ ሳቀችብኝ። አልተነሳችም። ድሮ እኔን ስታይ እስከ አጥሩ ሮጣ ትቀበለኝ እንደነበር ልቤ እያወቀ፣ «እንዴት ነሽ እታለም?» አልኳት። «ተመስገን። ምን ጎድሎኝ» አለች።

ሰብለ ታብሌቷን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ሻሿን ፈታች፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ክረምቱን እዚህ ስታሳልፍ እንደምታደርገው መሬት ላይ በአክስቷ ጉልበት መሐል ተቀመጠች። «እትዬ፣ እስቲ ጎንጉኚኝ። ከተማ የሚሠሩት እንዳንቺ አያምርም» አለቻት። ያኔ በመጠይቁ «እርስዎ» ስትላት የነበረችው ልጅ ማለት ነው። ደብሪቱ ደስ አላት። «ምነው፣ ሠርግ አለብሽ? ለእኔ ሳትነግሩኝ?» እያለች ፀጉሯን መክፈል ጀመረች። ግራ እጇ ከደረቷ በላይ አልወጣም። በቀኝ እጇ ብቻ አንድ መስመር ከፈለች፤ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡና መስመሩ ጠፋ። እንደገና ከፈለች። አንድ ጉንጉን ጀምራ ሦስት ዙር ሳትደርስ ተፈታባት። እነዚያ በጥላሸት ይጠቁሩ የነበሩ ጣቶች፣ አሁን ነጭ ሆነው፣ አየር ይጨብጣሉ። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

«ፀጉርሽን ምን ቀብተሽው ነው? ያንሸራትታል» አለች ደብሪቱ።

«ቅባት ነው እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሰብለ። ድምፅዋ ግን የራሷ አልነበረም። መሬት ላይ እንደተቀመጠች የአክስቷ ቀሚስ ጫፍ ከፍ ብሎላት ያበጠ ቁርጭምጭሚት አይታለች፤ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። አልነካችውም፣ ምንም አላለችም። «ውሃ ጠማኝ» ብላ ገባች። እኔ ደጅ ሆኜ የጀሪካኗን ድምፅ ሰማሁ። ባዶ ነበረች። ሰብለ ስትወጣ፣ እኅቴ መኝታዋን ከመደቡ ወደ በሩ ሥር ማውረዷን በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ መደቡ ላይ መውጣት ስላቃታት ነው። ልንሄድ ስንል ቁስሉን አጠበችላት፤ እሱንም «አዲስ መድኃኒት መጥቶ ልሞክርብሽ፣ እባክሽ ተባበሪኝ» ብላ ነው።

ሰኞ ቢሮ ሄድን። የሥራው አስተባባሪ ወጣት ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «መልሱ ከተጠያቂዋ አንደበት መሆን አለበት አባት። ቅሬታ ካላት ራሷ ቀርባ በጣት አሻራ ታረጋግጥ» አለን።

«ወዴት ነው የምትቀርበው?»

«እዚሁ ቢሮ።»

«መሄድ አልችልም ለማለት ተራራ ወጥታ ግማሽ ቀን ትሂድ? መጥታ ከደረሰችማ መሄድ ችላለች ብላችሁ ልትጽፉ ነው!»

ሰውየው አቀረቀረ። መጠይቁን እሱ እንዳላወጣው ነገረኝ። ማን እንዳወጣው ጠየቅሁት፤ አያውቅም። እስከ ዛሬ ያወቀ ሰው አላገኘሁም። ያወጣው ሰው ግን አንድ ቀን በእኛ መንደር እሳት ጭሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያወጣውም ነበር። ሰው በአንደበቱ ሳይሆን በእንስራው እንደሚናገር ያውቅ ነበር። ሰብለ ታብሌቷን ስትገለባብጥ ቆይታ መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አገኘች፤ «የመዝጋቢው ምልከታ» ይላል። ማንም አይሞላውም ነበር። «አባዬ፣ ያልተባለ ልጻፍ?» አለችኝ። «ያየሽውን ጻፊ» አልኳት። እጇን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጀሪካኗን፣ በሩ ሥር ያለውን መኝታ አንድ በአንድ ጻፈች። ብዙ ተመላለስን፤ ብዙ ተቆጣሁ። በመጨረሻ የደብሪቱ ስም ገባ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት ልጅ ትሄድላታለች። ባለፈው ስደውልላት፣ «አንዲት የከተማ ልጅ እዚህ ትመላለሳለች፤ ጉንጉን የሚባል አታውቅም፤ በኔ ፀጉር ላይ እያስተማርኳት ነው» አለችኝ። ውሃውንም ልጅቷ ስለሚጠማት ለራሷ የምትቀዳው ነው ለደብሪቱ የሚመስላት፤ ወይም እንደዚያ እንዲመስለኝ ትፈልጋለች። ንዴቴ ግን አልበረደም። በዚያ ሰሌዳ ላይ ስማቸው ያልወጣ፣ «ምን ጎድሎኝ» ብለው የቀሩ ሰዎች በየአፋፉ አሉ፤ የእነሱ የወንድም ልጅ ታብሌት የያዘች አይደለችም። መጠይቁ እንደነበረ ነው፤ የደረጃው ጥያቄ እንኳ አልተሰረዘም። ሰብለ እንደገና ልዙር ብላ ጠየቀች፤ የምዝገባው ጊዜ አልቋል አሏት። በራሷ ቅዳሜዎች ትሄዳለች፤ አንዱ ቤት ጨው ትለምናለች፣ አንዱ ቤት መንገድ የጠፋባት ትመስላለች።

የሰብለ እናት ካረፈች ወዲህ እኔም ብቻዬን ነኝ። ልጆቼ ከእኛ ጋር ኑር ይሉኛል፤ ምን ጎድሎኝ እላቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሰብለ ናት።

«አባዬ፣ ክብሪት አለህ?»

ቤቷ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያለው፤ መብራትም አልጠፋም ነበር። አየኋት፤ አየችኝ። «ግቢ» አልኳት። ክብሪቱን መደርደሪያው ላይ ስፈልግላት ጓዳዬ ውስጥ ቀስ ብላ ስትራመድ ሰማሁ። በእግሯ ጫፍ ጀሪካኔን መታ ልታደርጋት ስትል፣ የጀሪካኗ ባዶ ድምፅ እንዳይሰማ ጮክ ብዬ ሳልኩ።